ከሥሩ ስም ያለበት ዋንጫ

ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ የእትዬ ምግብ ቤት መደርደሪያ ላይ ሕፃን የሚታጠብበት ሳፋ የሚያህል ዋንጫ አለ። የገዛሁት እኔ ነኝ። ፒኮ ሮበርትሰን ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ አሮጌ ዕቃ ሲሸጥ አይቼ መኪናዬን መንገድ መሃል ፓርክ አድርጌ ዘለልኩ። የኢንግልዉድ ባለታክሲዎችና የሚድ ሲቲ አስተናጋጆች በየዓመቱ ለምንጋጠመው እግር ኳስ ዋንጫ አልነበረንማ።

ጫፉ ላይ አንድ የነሐስ ሰው ሞላላ ነገር ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ይሮጣል። እትዬ አዩትና «ይሄስ ዳቦ ሰርቆ ነው» አሉ፤ በዚያው ጸደቀ። ያሸነፈ ቡድን ክትፎ ከዋንጫው ውስጥ እንዲበላ የደነገጉትም እሳቸው ናቸው።

እኛ ባለታክሲዎች ክትፎውን ስናሸተው ነው የኖርነው። በረኛችን ኳስ ሲመጣበት መጀመሪያ የወንበር ቀበቶውን የሚፈታ ነው የሚመስለው። ዘንድሮ ግን አንድ ለዜሮ አሸነፍን። ጎሏ የኔ ናት፤ ከመሃል ሜዳ፣ ንፋሱ ትንሽ ረድቶኝ ይሆናል።

ከጨዋታው በኋላ ክትፎው ዋንጫው ውስጥ ሊገለበጥ ሲል፣ ጥግ ላይ ምሳ ይበሉ የነበሩ አንድ ፈረንጅ ሽማግሌ ተነሡ።

«ይህ የእኛ ዋንጫ ነው» አሉ።

እጄ እኮ ታጥቦ ነበር።

ዳቦ ያልነው ለካ ኳስ ኖሯል። ጨዋታው ራግቢ ሊግ ይባላል፤ አሥራ ሦስት ሆነው፣ ኳስ በእጅ ይዘው እየተላተሙ ይሮጣሉ። ሽማግሌው በወጣትነታቸው ሻምፒዮን ሆነውበታል። ቡድኑ ሲፈርስ ዋንጫው እሳቸው ጋ ቀረ፤ ባለቤታቸው ደግሞ ቤት ሲያጸዱ ሳይነግሯቸው ሸጡት። ገልብጠው ከሥሩ የተቀረጸውን የቡድናቸውን ስም አሳዩን።

«የእናንተስ አሸናፊዎች የት ተጻፉ?»

«ሁልጊዜ የምናሸንፈው እኛ ነን» አለ አንዱ አስተናጋጅ።

«አምና ዳኛው የሚስትህ ወንድም አልነበረም?» አልኩት።

«ካቻምናስ?»

«ካቻምና መች አለቀ? ልደት የሚያከብሩ ሰዎች ሜዳውን ቀሙን።»

«ሶ ማን አሸነፈ?» አሉ ሽማግሌው።

«እኛ!» አልን ሁለታችንም።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ታሪኩ ካልተጻፈበት ድስት ነው። ወይ ጻፉበት፣ ወይ ይዤው ልሂድ።»

እትዬ ጭልፋቸውን ይዘው መሃላችን ቆሙ። «ኦኬ። ማናችሁም የማትክዱት የትኛው ነው?»

«የዛሬው!» አልኩ። እትዬ ራሳቸው ከሜዳው ዳር ቆመው አይተውታልና አስተናጋጆቹ ሊክዱ አልቻሉም።

ሽማግሌው አብረውን በሉ፤ እትዬ ካጎረሷቸው በኋላማ ዋንጫውን መውሰዱንም ረሱት። በማግስቱ ቁልፍ ቀራጭ ጋ ወስደን የዘንድሮውን አሸናፊ ስም አስቀረጽንበት። አሁን ከሥሩ ያነበበ ሰው መጀመሪያ የራግቢ ሻምፒዮኖቹን፣ ቀጥሎ የኢንግልዉድ ባለታክሲዎችን ያገኛል። በመሃል ማንም የለም። አስተናጋጆቹ ምግብ ሲያቀርቡልኝ ፊታቸውን አዙረው ነው፤ እኔም አዲስ ደንበኛ በገባ ቁጥር ዋንጫውን አውርጄ ጮክ ብዬ አነብለታለሁ።