አባ ይርጋ ጀልባችንን ወደ አባይ ያወረደ ጊዜ

«የምሥራች!»

ይህን ያለው ከአባይ ማዶ ቡና የሚያመላልስ አንድ ነጋዴ ነው። በቅሎውን እንኳ ሳያስር፣ ፍኖተ ሰላም ካለው ቤታችን ደጃፍ ቆሞ ሲጣራ እናቴ ከጓዳ፣ እኔ ከጓሮ ሮጠን ደረስን።

«ምሥር ብላ!» አለችው እናቴ።

«እታለም ነፍሰ ጡር ናት። ደኅና ናት፤ ትበላለች፣ ትስቃለች፣ ባሏንም ትቆጣለች።»

ደስታዬን በምን ቃል ልጻፈው? በቀሚሴ የያዝኩትን ሎሚ ሁሉ በትኜ ጨፈርኩ። እታለም የምላት ታላቅ እህቴን ነው። ባሏ ቡና ነጋዴ ነውና ከአባይ ማዶ ከወሰዳት ወዲህ ዐይኗን አላየንም።

እናቴ ግን እልልታዋን ሳትጨርስ ፊቷ ጠቆረ። «የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነው። ክረምት ገብቶ አባይ ከሞላ ልጄን ማን ያሻግርልኛል?» አለች። እውነቷን ነው። በበጋም ቢሆን ነጋዴው የሚሻገረው የተነፋ አቁማዳ ደረቱ ላይ አቅፎ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት አቁማዳ ታቅፋ አባይን አትሻገርም።

አባባ «ጀልባው አለ አይደለም እንዴ?» አለ።

ጀልባው አለ፤ ውሃ ግን አጠገቡ የለም። አባባ በርበሬና እህል ይነግዳል። ከቡሬ ነጋዴዎች ጋር ተማክሮ፣ ለአባይ መሻገሪያ የሚሆን ትልቅ የቆርቆሮ ጀልባ ባሕር ዳር አሠርቶ ነበር። ያመጣው የጭነት መኪና ግን ቡሬ ሲደርስ ሾፌሩ ወደ አባይ የሚወርደውን መንገድ አይቶ፣ «ይህንንስ ዝንጀሮም ተጠንቅቆ ነው የሚወርደው» ብሎ ጥሎት ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ጀልባው ሁለት ጎማ ባለው ተሳቢ ላይ እንደተቀመጠ ቡሬ አንድ ግቢ ውስጥ ቀረ። ዶሮ እንቁላል ይጥልበታል። የቡሬ ሰው አባባን ባየው ቁጥር «ኖህ ሆይ፣ ዝናቡ መቼ ነው?» ይለዋል።

ስለዚህ የሚያስፈልገን አንድ ነገር ነው፦ በአራቱም ጎማ የሚጎትት፣ ዋጋው ለእኛ የሚሆን፣ ያገለገለ ጂፕ። እሱንም ክረምት ሳይገባ።

«ውቤም ትሂድ» አለች እናቴ እኔን እያየች። «እህቷን በመንገድ ማን ይደግፋታል? ወንዶቹ መኪናውን ነው የሚያዩት።»

ለፋሲካ ትምህርት ቤት ዘግቶልን ነበር። የዚያን ቀን ከመንደራችን ከእኔ የበለጠ የታደለ አልነበረም።

ደምበጫ

ማልደን በአውቶቡስ ወጣን። አባባ፣ እኔ፣ የምንገዛውን መኪና የሚነዳልን ጋሽ ካሳ፣ እንዲሁም የእናቴ ወንድም አያ ደምሴ ነን። አያ ደምሴ ከቋሪት፣ ከገበዝ ማርያም አካባቢ የመጡ ገበሬ ናቸው። መኪና ነድተው አያውቁም፤ በሬ በመምረጥ ግን በአካባቢያቸው የሚደርስባቸው የለም። አባባ «የሚጎትት ነገር እስከሆነ ድረስ ያለ ደምሴ አልገዛም» ብሎ ነው ያመጣቸው።

ጅጋ ላይ አውቶቡሱ ሲቆም በአምስት ሳንቲም አንድ እፍኝ የተቆላ ሽንብራ ገዛሁ። ሜዳው ገና ማረሻ አልገባበትም፤ ቀይ አፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ዋርካ ጥላ ሥር ሁሉ ከብት ተኝቷል።

ደምበጫ የደረስነው አቶ ላቀ ከሚባሉ የወፍጮ ቤት ባለቤት ዘንድ ነው። የሚሸጧት ጂፕ ከግቢው መሃል ቆማ አየኋት። አረንጓዴ፣ አጭር፣ የታጠበች! መስታወቷ ውስጥ ፊቴን አይቼ ጸጉሬን አስተካከልኩ። እውነቱን ለመናገር እኔም፣ አባባም፣ ወዲያው ወደድናት።

አያ ደምሴ ዞሯት። ጎማዋን በጣታቸው ዳሰሱ፤ ጎንበስ ብለው ሆዷን አዩ፤ ጆሯቸውን ኮፈኗ ላይ ለጠፉ። ጋሽ ካሳ ሳቁን መያዝ አቃተው።

«አያ፣ ጥርሷንም ይዩላት እንጂ!»

«ጥርሷስ ጎማዋ ነው፤ አየሁት። አልተበላም» አሉ ኮስተር ብለው። «ደግ ናት። ዳሩ በሬ የሚፈተነው ቀንበር ተጭኖበት፣ በዳገት ነው። ቆማማ ሁሏም ታምራለች።»

አቶ ላቀ ቅር አላላቸውም። «እንግዲያው ቡሬ ድረስ ራሴ ይዣት እሄዳለሁ፤ ጀልባውን አስራችሁ ፈትኑ» አሉ። ያን ቀን ከቤታቸው አሳደሩን፤ የፋሲካው ሙክት ገና አላለቀም ነበር።

ማንኩሳ

በነጋታው በአረንጓዴዋ ፍኖተ ሰላምን አልፈን፣ የላህን ድልድይ ተሻግረን ሄድን። እናቴ ከበራችን ቆማ ስታየን እንደ ወይዘሮ እጄን ወዘወዝኩላት።

ማንኩሳ ላይ ሌላ የሚሸጥ ጂፕ እንዳለ ጋሽ ካሳ ሰምቶ ነበር። ባለቤቷ እሜቴ ስንዱ የሚባሉ አሮጊት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ መኪናው ከጎተራው ሥር ቆሞ ቀርቷል። ይህኛው ረጅም፣ ከባድ፣ ቀለሙ እንደ አመድ ነው። አንዱ በሩ በጠፍር ታስሯል።

«አባ ይርጋ ይባላል» አሉ እሜቴ ስንዱ። «ባለቤቴ በቅሎውን ሸጦ ይህን ሲገዛ የፈረስ ስም አወጣለት። መልኩን አትዩበት። ያጉረመርማል እንጂ አይለቅም።»

አባባ ለይሉኝታ ያህል ዞረው። ዐይኑ ግን ከአጥሩ ውጭ ካለችው ከአረንጓዴዋ ላይ ነበር። «ለመወዳደሪያ ያህል እንውሰደው» አለና ጋሽ ካሳ መኪናውን አስነሣ። አባ ይርጋ አስነጠሰ፤ ጭስ ተፋ፤ ተነሣ። እሜቴ ስንዱ ኮፈኑን መታ መታ አድርገው «እንዳታሳፍረኝ» አሉት።

ቡሬ፤ ዳገቱ

ቡሬ ስንደርስ የበርበሬው ሽታ ገና ከመግቢያው ተቀበለን፤ ተራ በተራ አስነጠስን። ወሬ ቀድሞን ኖሮ ጀልባው ካለበት ግቢ ሰው ሞልቷል።

ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ዳገት ሥር ጀልባውን ወሰድነው። መጀመሪያ አረንጓዴዋ ተጠመደች። ጋሽ ካሳ ገባ፣ አራቱንም ጎማ የምታነቃውን ትንሿን ማንሻ ሳበ፣ ሽው! ጀልባውን እንደ ጠረጴዛ ልብስ ስባ ዳገቱ አናት ላይ ደረሰች። ሰው አጨበጨበ። ቀጥሎ አባ ይርጋ ተጠመደ። አቃሰተ። አንድ አሮጊት ከኋላው በእግራቸው ሄደው ቀደሙት።

«አለቀ» አሉ አያ ደምሴ። «በሬዬ አረንጓዴዋ ናት።»

አባባና አቶ ላቀ ፊት ለፊት ቆሙ። ባገራችን ግዢ የሚጸናው እጅ ለእጅ ሲመታ ነው፤ ከዚያ በኋላ የለም መመለስ። አባባ እጁን ዘረጋ።

እኔ በዚያ ሰዓት ከዳገቱ አናት ቆሜ በስተደቡብ እያየሁ ነበር። ምድሩ እየወረደ፣ እየወረደ፣ ጭጋግ ውስጥ ይገባል። እህቴ ያለችው ከዚያ ጭጋግ ወዲያ ነው። ድንገት አንድ ነገር ታየኝ። ትልልቅ ሰዎች ሲነጋገሩ ልጅ አይገባም። ቢሆንም አፌ ቀደመኝ።

«አባባ፣ አባይ ያለው ላይ ነው ወይስ ታች?»

«ምን ማለትሽ ነው? ታች ነዋ።»

«ታዲያ ለምን ሽቅብ ብቻ ፈተናችኋቸው? ጀልባው የሚሄደው ቁልቁል ነው። መኪናው ሲመለስ እኮ ጀልባው የለም፤ እዚያው ውሃው ላይ ነው የሚቀረው።»

የአባባ እጅ እንደተዘረጋ ቀረ። አያ ደምሴ ወደ ዳገቱ አዩ፣ ወደ ቁልቁለቱ አዩ፣ ከዚያ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«አይ ደምሴ! አይ ደምሴ! የበሬ ዐይን ይዤ ለጀልባ መጣሁ! ያንተ ልጅ ናት፣ የኔ እህት ግን ነው የወለደቻት፤ ይህንን እወቅ!»

ቡሬ፤ ቁልቁለቱ

ወደ ፈጣም ወንዝ በሚወስደው መንገድ ላይ ቁልቁለት አለ። እንደገና አረንጓዴዋ ተጠመደች። ጥቂት እንደወረደች ጀልባው ከኋላ ይገፋት ጀመር። ጋሽ ካሳ ፍሬን ያዘ፤ እሷ ቆመች፣ ጀልባው ግን አልቆመም። ጭራዋ ዞረ፤ እኔ ዐይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ አረንጓዴዋ ከአጋም ቁጥቋጦ ውስጥ ገብታለች፤ ጀልባው ከጎኗ ቆሞ ሽቅብ ያያታል። ጋሽ ካሳ እሾህ ከጸጉሩ እየነቀለ ወጣ።

«እኔ ጀልባውን አልነዳሁም» አለ። «እሱ ነው እኔን የነዳኝ።»

«ጥፋቱ የሷ አይደለም» አሉ አቶ ላቀ ጎኗን እየጠረጉ። «ቀላል ናት፤ ጀልባው ይበልጣታል። እስከ ዛሬ የጎተተችው ጤፍ ነው፤ ጤፍ ደግሞ አይገፋም።»

የአባ ይርጋ ተራ ሆነ። ጋሽ ካሳ ከሁሉ ዝቅተኛውን ማርሽ አስገባና እግሩን ከፍሬኑ ላይ አነሣ። መኪናው ማጉረምረም ጀመረ። ጀልባው ገፋው፤ አባ ይርጋ ከቁብም አልቆጠረው። እያጉረመረመ፣ ጠጠር በጠጠር፣ እንደ ሽማግሌ ወርዶ ከታች ቆመ።

አባባ ወደ ማንኩሳ ሰው ላከ፤ እጁን የመታው ከእሜቴ ስንዱ ወኪል ጋር ነው። አቶ ላቀም ሳይከፉ «ለልጅቱ ስል ነው የማልቆጣው» ብለው አረንጓዴዋን ይዘው ሄዱ።

አባይ

እታለም በሚቀጥለው የገበያ ቀን ከማዶው ዳርቻ እንድትጠብቀን የምሥራቹን ያመጣው ነጋዴ መልእክት ወስዶላት ነበር። እኛም ከቡሬ ወደ ደቡብ ወረድን። አየሩ እየሞቀ፣ ሣሩ እየነጣ፣ ባሕር ዛፉ እየቀረ ሄደ። ከመጨረሻው መንደር ጫፍ ስንደርስ ጋሽ ካሳ አቆመ፣ ወረደ፣ ቁልቁለቱን አይቶ ቆቡን አወለቀ።

«የውቤ አባት፣ ይህንን አባ ይርጋም ብቻውን አይችለውም።»

ልቤ ተሰበረ። ከሩቅ፣ ከገደሉ ሥር፣ ወንዙ እንደ ቡናማ መቀነት ይታያል። ከማዶው አሸዋ ላይ አንድ ነጭ ነጥብ አለ። እታለም ናት ብዬ ቆረጥኩ።

አያ ደምሴ ግን ድንጋይ ላይ ወጥተው በሁለት እጃቸው አፋቸውን ከበው ተጣሩ፦ «የመንደር ሰው ሆይ! ነፍሰ ጡር ከማዶ ቀርታብናለች! ያለህን ገመድ ይዘህ ውጣ!»

ማንም ምን፣ ማን፣ ስንት ብሎ አልጠየቀም። ጠፍር የያዘ፣ የኑግ ጭነት ገመድ የያዘ፣ የበቅሎ ማሰሪያ የያዘ መጣ። ቄሱም ጥላቸውን ለእኔ ሰጥተው ገመድ ያዙ። ገመዱ ሁሉ ከጀልባው ኋላ ታሰረ፤ ሰዉ ከበስተኋላ ሆኖ እግሩን መሬት ላይ ተከለ። ጋሽ ካሳ ከፊት «ያዝ!» ይላል።

«ይዣለሁ!» ይላል መንደሩ በአንድ ድምፅ።

አባ ይርጋ አንድ ክንድ ይወርዳል።

«ያዝ!»

«ይዣለሁ!»

እንዲህ እየተባለ፣ ጸሐይዋ ከአናታችን ላይ ሆና ጀምረን፣ ጥላችን ሲረዝም ጀልባው ውሃውን ነካ። ሰዉ መዳፉን እያየ ሳቀ፤ የሁሉም ቀልቷል። እኔም ከቄሱ ጥላ ሥር «ይዣለሁ!» ስል ስለዋልኩ ድምፄ ጠፍቶ ነበር።

መቅዘፊያውን የያዙት ወንዙን የሚያውቁ ሁለት የዳር አገር ሰዎች ናቸው። እኔ ከፊት ተቀመጥኩ። አባባ እንዳልፈራ ነገረኝ፤ የጀልባውን ጠርዝ ግን ከእኔ ይልቅ አጥብቆ የያዘው እሱ ነው። ነጩ ነጥብ ነጠላ ሆነ፤ ነጠላው እታለም ሆነ። ወፍራለች! ባሏ ከጎኗ ቆሞ ሳጥን ተሸክሟል።

«ያ ሁሉ ሰው የሚጮኸው ለእኔ ነው ወይስ ለጀልባው?» አለች ገና ከመድረሳችን።

«ለሆድሽ» አልኳት። ተቃቅፈን አለቀስን፤ ሳቅንም። እጄን ወስዳ ከሆዷ ላይ አስቀመጠችው። ገፋኝ!

ቤት

እታለምን ይዘን ወዲህ ተሻገርን፤ ዳገቱን አባ ይርጋ ያለ ጀልባ በቀስታ ወጣው። አያ ደምሴ ከፊቱ እየሄዱ ከመንገዱ ላይ ድንጋይ ያነሣሉ፤ እታለም በተንገጫገጨች ቁጥር ጋሽ ካሳን ይቆጡታል። ማንኩሳ ላይ እሜቴ ስንዱ መኪናውን ከእኛ አስቀድመው ሳሙት፤ ቀጥሎ እታለምን ሳሙና «ማርያም ትቅረብሽ» ብለው መረቋት።

ፍኖተ ሰላም ስንገባ እናቴ ከበራችን ቆማ ነበር። እታለምን አቅፋ ወደ ጓዳ አስገባችና፣ ተመልሳ መጥታ የአባ ይርጋን የታሰረ በር በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለት።

አያ ደምሴ አሁን በሬ ሲመርጡ ሽቅብም ቁልቁልም ነው የሚፈትኑት አሉ፤ የቋሪት ሰው ይስቅባቸዋል፣ እሳቸው ግን አይሰሙም። እኔ ደግሞ ከዚህ ጉዞ ያገኘሁት ይህን ነው፦ ሽቅብ ለመውጣት ጉልበት ይበቃል፤ ለመውረድ ግን ከኋላህ የሚይዝህ ሰው ያስፈልጋል።

ሐምሌ ውስጥ፣ ዝናቡ ቤቱን ሲደበድብ፣ እታለም በእናታችን ቤት ሴት ልጅ ወለደች። ክርስትናዋ ጥቅምት ሲጠባ ነው። እናቴ «የምታውቂውን ሁሉ ጥሪ» ብላኛለች፤ እነሆ ጠርቻችኋለሁ። ከደምበጫ የምትመጡ ከአቶ ላቀ ጋር በአረንጓዴዋ ኑ። ከማንኩሳ የምትመጡ እሜቴ ስንዱን ይዛችሁ ኑ። ከአባይ ማዶ የምትመጡ ደግሞ ጀልባው ዳር ቆሞ ይጠብቃችኋል፤ ገደሉን አይታችሁ አትመለሱ። ከሥሩ ሆናችሁ «ያዝ!» ብላችሁ ተጣሩ፤ ከላይ የሚመልስላችሁ አይጠፋም።