ክሬሙና ፈዛዛው ቢጫ

በደርግ ጊዜ፣ ጅማ ውስጥ አዲስ ተጋቢዎች ሳለን፣ ከባለቤቴ ጋር በሁሉም ነገር እንስማማ ነበር። እኔ መምህር ነኝ፤ እሱ የቡ በምትባል የገጠር ከተማ የቡና ልማት ሠራተኛ ስለነበር የሚመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። የተስማማነውም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ጅሬን ሰፈር የተከራየነውን ቤት ሳሎን ለማስቀባት ስንነሳ ግን ተጣላን።

ሱቅ የተገኘው ቀለም ሁለት ዓይነት ብቻ ነበር፤ ክሬምና ፈዛዛ ቢጫ። እኔ ክሬሙን ወደድኩ፣ እሱ ቢጫውን። ባለሱቁ ለሙከራ ከሁለቱም ጥቂት ጥቂት ሰጠንና መስኮቱ አጠገብ ጎን ለጎን ቀባናቸው። ከዚያ ወዲያ ባለቤቴ በመጣ ቁጥር ፊት ለፊታቸው ቆመን መከራከር ሆነ። የኔን ሆስፒታል ይመስላል አለ። የሱን የወባ በሽተኛ ፊት ይመስላል አልኩት።

ዳኛ ፈለግን። መጀመሪያ አከራያችንን፣ የጅሬን ተወላጅ የሆኑ አሮጊት፣ እስቲ ይፍረዱን ብለን ጠራናቸው። ቀረብም ራቅም ብለው አዩና፣ «ዋላሂ ልጄ፣ ሁለተኛው የቱ ነው?» አሉኝ።

ቀጥሎ አብሮኝ የሚያስተምር ወዳጃችንን ጠየቅነው። በየስብሰባው እጁን ከሁሉም ጋር የሚያወጣ ጠንቃቃ ሰው ነበር። እኔንም ባለቤቴንም በየተራ አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የተወሰነው የትኛው ነው?» አለ። ገና አልተወሰነም ስንለው፣ ሁለቱም የየራሳቸው ጠንካራ ጎን እንዳላቸው ገልጾ ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ።

በመጨረሻ እኔ ተሸነፍኩ። ባለቤቴ የቡ እያለ ቀለም ቀቢ ጠርቼ ሳሎኑን በሙሉ በሱ ቢጫ አስቀባሁ፤ በትዕግሥቴም ኮራሁ። ቅዳሜ መጥቶ ሳሎኑ መሃል ቆመና ዙሪያውን ተመለከተ።

«ተሳስቼ ነበር» አለኝ። «ክሬሙ ይሻላል ያልሽው ልክ ነው።»

ቢጫው መሆኑን ነገርኩት። እንዳይከፋው ብዬ የዋሸሁት መስሎት አላመነኝም። ለማስረጃ እንዳላሳየው ቀቢው ባዶውን ጣሳ ይዞት ሄዷል፤ ለሙከራ የቀባናቸውም ከአዲሱ ቀለም ሥር ቀርተዋል። እንደገና ተጣላን፤ አሁን እሱ ለክሬሙ፣ እኔ ለቢጫው ጠበቃ ሆነን።

ክረምት ሲገባ ግድግዳው ከጣሪያው በኩል እየረጠበ ጠቆረ። ኋላ በቾ ቦሬ በሚባለው ሰፈር የቀበሌ ቤት ደረሰን። ማንም ሳይጠይቀን አረንጓዴ ተቀብቶ ጠበቀን። ሁለታችንም አልወደድነውም፤ በሰላም ኖርንበት።