የአሥራ አንድ ሰዓት ገብስ

መንዝ ውስጥ፣ ቀየት በምትባል ከተማ እንግሊዝኛ ሳስተምር በመማሪያ መጽሐፉ ካሉት አባባሎች አንዱ ሁልጊዜ ያናድደኝ ነበር። «አት ዘ ኢለቨንዝ አወር» ይላል። ትርጉሙን ሰሌዳው ላይ «ነገር ሊያመልጥ ጥቂት ሲቀረው» ብዬ ጻፍኩ። ከኋላ ወንበር አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ አሥራ አንድ ሰዓትማ ከብት የሚገባበት ነው። ምን ያመልጣል?» ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቄ እንዳያስገምተኝ ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዞርኩ።

ምን ልበላት? እንግሊዞቹ የሚቆጥሩት ከእኩለ ሌሊትና ከቀትር ተነሥተው ስለሆነ የእነሱ አሥራ አንድ የእኛ አምስት ሰዓት ነው። ረፋድ ላይ በአምስት ሰዓት ምን ያመልጣል? ሰው ገና ሥራው ውስጥ መግባቱ ነው። አባባሉን ያገኙት ከራሳቸው ሰዓት ሳይሆን ከወንጌል ነው። የወይን አትክልት ያለው አንድ ሰው ሠራተኛ ሊቀጥር ማለዳ ይወጣል። በሦስት ሰዓት ደግሞ ይወጣል፣ በስድስትና በዘጠኝም ይወጣል። በአሥራ አንድ ሰዓት ሲወጣ ቀኑን ሙሉ የሚቀጥራቸው ያጡ ሰዎች ቆመው ያገኛል፤ እነሱንም ያስገባቸዋል። ማታ ለሁሉም እኩል ይከፍልና ማለዳ የገቡት ያጉረመርማሉ። ያ ሰዓት ከፀሐይ መውጣት ጀምሮ የሚቆጠር ነው፤ እኛ እስከ ዛሬ የምንቆጥረው ማለት ነው። እንግሊዞቹ ሰዓታቸው ሌላ ሆኖ ሳለ ቁጥሩን እንዳለ ይዘውት ቀሩ።

አንዳንዱ ሰው አባባሉ የመጣው የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በፈረንጅ አቆጣጠር በአሥራ አንደኛው ወር፣ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ በአሥራ አንድ ሰዓት ስላበቃ ነው ይላል። ወሬ ነው፤ አባባሉ ጦርነቱን በብዙ ዘመን ይቀድመዋል። አሁን አሁን ደግሞ የእኛ ጋዜጠኞች ከእንግሊዝኛው ተርጉመው «በአሥራ አንደኛው ሰዓት» ማለት ጀምረዋል። የራስን ወንፊት ጎረቤት ሄዶ እንደመዋስ ነው፤ ይሁን፣ ምን ይደረጋል።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት ኋላ አንብቤ ነው። ያን ጊዜ የማውቀው አባቴ መታመማቸውን ብቻ ነበር። ልባቸው ነው። ደብረ ብርሃን ወስጄ አሳይቻቸው ሐኪሙ እኔን ለብቻዬ ጠርቶ ነገረኝ። ለእሳቸው አልነገርኳቸውም፤ እሳቸው ግን ፊቴን አይተው ጨረሱት። ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ገብሱ እስኪገባ ልቆይ ይሆን?»

የቸገራቸው ገብሱ አልነበረም። አንድ ታናሽ ወንድም አላቸው፣ አጎቴ፤ ወንዙን ተሻግሮ ማዶ ነው ቤታቸው። ከመሬት ሽግሽጉ ወዲህ ሁለቱ አይነጋገሩም። በማሳዎቻቸው መካከል ያለች ጠባብ ቁራሽ መሬት በድልድሉ ለአባቴ ደረሰች፤ አጎቴ ድንበሬ ተገፋ አሉ። ሽማግሌ ገባ፣ ቄሱ ገቡ፣ አልሆነም። ነገሩ ከርሮ ከርሮ አንድ ቀን አባቴ በሰው ፊት «ስሞት ቀብሬ ላይ እንዳትቆም!» አሉ። አጎቴም «ደጅዎን ብረግጥ እግሬን ይቁረጠው!» ብለው ማሉ። አጎቴ ተጣልተውም ለታላቃቸው አንቱታውን አለመተዋቸው ይገርመኛል።

ሌላ አገር ይህ የንዴት ቃል ተብሎ ይረሳ ይሆናል። እኛ ዘንድ አይረሳም። ወንድሙ ቀብሩ ላይ ያልቆመለት ሰው ልጆቹ ለቅሶ ቤት በሄዱ ቁጥር ይነሣባቸዋል። አባቴ ያን ቃል መመለስ ፈልገዋል፤ ለእናቴ «በየትኛው አፌ ነው ያልኩት?» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ግን ወንዙን ተሻግረው «ና፣ ታረቀኝ» አይሉም። የመንዝ ሰው! ሞት ይቀለዋል። እኔ ልሂድ ብላቸው «አንቺ ማን ስለሆንሽ ነው በወንድሜና በእኔ መካከል የምትገቢ?» ብለው ተቆጡኝ።

ሰኔ ሊያልቅ ሲል የበልጉ ገብስ ደረሰ። ትምህርት ቤት ስለተዘጋ እኔም ቤት ነኝ። ክረምቱ ሳይገባ ማጨድ ነበረበትና አባቴ ደቦ ይጠራ አሉ። የሚጠራው ጎረቤታችን ነው፤ ቢርበው የሚናገር፣ ቢደክመው የሚናገር፣ በሆዱ ነገር የማያሳድር ሰው። «እስከ ማዶ ይሰማ» አሉት አባቴ። ማዶ ያለው ቤት ደግሞ አንድ ነው። ጎረቤታችን ጉብታው ላይ ወጣና ፊቱን ወደ አጎቴ ቤት አዙሮ ድምፁ እስኪዘጋ ጮኸ።

በእኛ ቀዬ ደቦ ሥርዓት አለው። የማሳው የመጨረሻ ዘለላ ሳይታጨድ መሶቡ አይከፈትም። መንገደኛ በመካከሉ ቢመጣ ይበላል፣ ማንም አይከለክለውም። ዘመድ ግን ማጭዱን ማሳው ላይ ሳያሳርፍ ከበላ ነውር ነው፤ ራሱም አይበላም፣ ጉሮሮው አይቀበለውም። ስለዚህ ደቦ የቀረ ዘመድ ማታ ለድግሱ ብቅ ማለት አይችልም።

ማለዳ ወጣን። ሰው ሞላ፤ አጎቴ ግን የሉም። አባቴ በርኖሳቸውን ደርበው ማሳው አናት ላይ ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው አጫጆቹን ሳይሆን ማዶን ነው የሚያየው። አጨዳው ደህና ሄደ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ከታች፣ ድንበሩ ጥግ፣ ያቺ የተጣሉባት ቁራሽ መሬት ብቻ ቀረች። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ሆኖ ቶሎ የሚጨርሳት ናት።

«በቃ» አሉ አባቴ። «እሷን ተዉአት።»

ጎረቤታችን ቀና አለ። «እንዴ! ይቺን ታህልማ ምን አላት? ጨርሰናት እንብላ እንጂ!»

«ተዉአት አልኩ።»

በጓሳ ተራራ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። ነፋሱ ቀዝቅዟል፤ ይህ ነፋስ በረዶ ይዞ እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ደግሞ ቶሎ የምናደድ ሰው ነኝ። ጀርባዬ ተቆርጧል፣ ርቦኛል፣ መሶቡም ተሸፍኖ ፊቴ ተቀምጧል። «አባባ፣ በረዶ ቢወርድ እኮ ትረግፋለች!» አልኩ።

«ትርገፍ።»

«እህል አይደለም እንዴ?»

እናቴ ጎኔን ቆነጠጠችኝና አፏን ወደ ማዶ አሞጠሞጠች። አየሁ። ከአጎቴ ደጅ ማሳችን ወለል ብሎ ይታያል። የታጨደው ሁሉ ይታያል፤ ያልታጨደችውም ትታያለች፣ የቷ እንደሆነችም። አጫጆቹ እጃቸውን አጣጥፈው መቀመጣቸው፣ መሶቡ አለመከፈቱ፣ ሁሉም ይታያል። አባቴ አልላኩም፣ አልለመኑም። እንዲህ ብለው ተቀመጡ እንጂ።

ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ነበር። ጠላው ተቀዳ፣ ቆሎው አለቀ። ጎረቤታችን በየመካከሉ «ወይ ጉድ! ከማለዳ ጀምረን ወገባችን ተቀጭቶ፣ አሁን ደግሞ ጦም እንደር!» ይላል። ሌሎቹም ያጉረመርማሉ፣ ግን ተነሥቶ የሄደ የለም። ሁሉም ነገሩ ገብቶታል። አባቴ አንዴ ደረታቸውን ይዘው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ያኔ ፈራሁ፤ ቢሞቱስ፣ እዚሁ ቢሞቱስ፣ ያ ቃል እንዳለ ቢቀርስ አልኩ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከብት ከግጦሽ መመለስ ሲጀምር አጎቴ ቁልቁለቱን ሲወርዱ ታዩ። አልቸኮሉም። ወንዙን ተሻገሩ፣ ወደ ማሳችን ወጡ፣ ድንበሩ ድንጋይ አጠገብ ሲደርሱ ቆሙ። ማጭዱን በእጃቸው ይዘውታል። ጤና ይስጥልኝ የለ፣ ደህና ዋላችሁ የለ።

«ምን ቀረኝ?» አሉ።

«ያንተ አልተነካም» አሉ አባቴ።

አጎቴ ጎንበስ ብለው ማጨድ ጀመሩ። ጎረቤታችን ሊረዳቸው ቢነሣ አባቴ በእጃቸው አስቀመጡትና በርኖሳቸውን ጥለው እኔ ዘንድ መጡ። ማጭዴን ከእጄ ወሰዱት። «ኧረ አባባ፣ ልብዎ!» ብዬ ክንዳቸውን ያዝኩ። እናቴ «ተያቸው» አለችኝ። ተውኳቸው። ከወንድማቸው ጎን ገብተው ጥቂት ጭብጥ አጨዱ፤ ከዚያ ትንፋሽ አጠራቸውና ቃርሚያው ላይ ተቀመጡ። አጎቴ ዘወር ብለው አላዩአቸውም፤ ግን የአባቴንም ድርሻ አጭደው ጨረሱት።

አሁን ነዶው ቀረ። የአጎቴ ማሳ አንድ እርምጃ ነው። አባቴ «ያንተ» ብለዋል፤ አጎቴ ነዶውን ወደ ራሳቸው ቢያሻግሩት ማንም አይናገርም። ሁላችንም እጃቸውን እናያለን። አጎቴ ነዶውን በጓሳ ሣር ገመድ አስረው ትከሻቸው ላይ አወጡት፣ ትንሽ ቆሙ፣ ከዚያ ሽቅብ ወጥተው በአባቴ ክምር ላይ ጣሉት። ያን ጊዜ እናቴ እልል አለች፤ እኔ ደግሞ አለቀስኩ። ምን አደርጋለሁ፣ አለቀስኩ።

መሶቡ ተከፈተ። አባቴ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለአጎቴ አጎረሱ። ጎረቤታችን አላስቻለውም፤ «እኛ ከማለዳ ጀምረን፣ ጉርሻው ለአሁን መጪ!» አለ። ያን ወንጌል በየዓመቱ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ይሰማል እኮ! ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሱም ነገሩ ሲገባው ሳቀ።

«ያን ቃል መልሼዋለሁ» አሉ አባቴ፣ ቀስ ብለው።

«የቱን ቃል?» አሉ አጎቴ እያላመጡ።

ክረምቱ ሲወጣ ትምህርት ተከፈተና ያችው አባባል የምትገኝበት ምዕራፍ ላይ ደረስኩ። እንግሊዝኛው ከዚያ ታሪክ ሰዓቱን ብቻ እንደወሰደ ያኔ ታየኝ። የመጣው ሰው ሊያመልጠው ጥቂት ቀርቶት ነበር ይላል፤ እስከዚያ ሰዓት ሥራ ስላቆየለት ሰው ግን አያወራም። ለተማሪዎቼ ይህን አላልኩም። ትርጉሙን እንደ ድሮው ጻፍኩ፣ ፈተና ላይ የሚመጣው እሱ ነው።

አባቴ በዚያው የትምህርት ዓመት በሚያዝያ ሞቱ። አጎቴ ያን ሳምንት ዓለም ከተማ ያገባች ልጃቸውን ሊጠይቁ ሄደዋል። መልእክት ተላከ፤ ግን ዝናብ ዘንቦ መንገዱ ጭቃ ሆኗል፣ አውቶቡሱም ተይዟል የሚል ወሬ መጣ። ጠበቅን። ካህናቱ ጸሎቱን አስረዘሙ፤ ከዚያ በላይ ግን ማቆየት አልተቻለም። አስከሬኑ ወረደ፣ አፈሩ ይመለስ ጀመር።

መቃብሩ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ጎረቤታችን አካፋውን አፈሩ ላይ ተከለው። «በቃ» አለ። «ጥጓን ተዉአት።»

ሰዎቹ ቀና ብለው አዩትና አካፋቸውን አስቀመጡ። ካፊያው ይወርዳል፤ ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም። እኔ እናቴን ደግፌ ቆሜያለሁ፤ ይህ ሰው፣ ያ ሁልጊዜ የሚራበውና የሚደክመው ሰው፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ አካፋውን ተደግፎ መንገዱን ያያል። ከብቱ መግባት ሲጀምር አጎቴ በቤተ ክርስቲያኑ በር ገቡ፣ ጭቃው ጉልበታቸው ደርሷል። ሰዉን ሰንጥቀው መጥተው መቃብሩ አፋፍ ላይ ቆሙ።

«ምን ቀረኝ?» አሉ።

ጎረቤታችን አካፋውን አቀበላቸው። «የእርስዎ አልተነካም» አላቸው።