ለሜዳ የተሰፋ ሱሪ

ጉልበቴ ለሁለተኛ ጊዜ ሲወልቅ የምጫወትበት የአዲስ አበባ እግር ኳስ ክለብ አሰናበተኝና ወደ አሰላ ተመለስኩ። አባቴ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ፤ ያለ ኮትና ባርኔጣ ከደጅ አይወጡም። ለእሳቸው የልጃቸው በቁምጣ፣ ታፋውን አሳይቶ፣ በሕዝብ ፊት ኳስ ሲያባርር መዋል ለሰው የሚነገር ነገር አልነበረም። ለጎረቤቱ ሁሉ፣ "አዲስ አበባ ትልቅ መሥሪያ ቤት ገብቷል" ብለው ነበር።

ይህን ያወቅሁት ቅዳሜ ገበያ አብረን ስንሄድ ነው። ባልደረቦቻቸው ከበቡን።

"እንዴት ነው ሹመቱ?" አሉኝ።

ግራ ገብቶኝ ወደ አባቴ ስመለከት፣ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ወጣት መምህር ሮጦ እጄን ያዘኝ።

"እርስዎ ተከላካዩ አይደሉም? ስታዲየም ገብቼ ስንት ጊዜ ጮኼልዎታለሁ!"

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛው ሳቁን በጋቢው ሸፈነ። አባቴ ባርኔጣቸውን ዝቅ አድርገው ብቻቸውን ወደ ቤት ሄዱ። በሰው ፊት ተሸንፌ፣ ተሰድቤም አውቃለሁ፤ ያን ቀን ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አባቴ በእኔ ምክንያት ውሸታም ተባሉ።

መምህሩ በማግስቱ ቤት ድረስ መጥቶ የተማሪዎቹን ቡድን እንዳሠለጥንለት ለመነኝ።

"አልችልም" አልኩት።

አባቴ ከጓዳ ወጡ። "ለምን አትችልም?"

"እርስዎን ደግሜ አላሳፍርም።"

"የዋሸሁት እኔ፤ አንተ ምን አደረግህ?" አሉ። "ቁምጣ ግን አትለብስም።"

ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስደው ወፍራም የሱፍ ሱሪ አሰፉልኝ። በክረምቱ ጭቃ፣ በዚያ ሱሪ እያነከስኩ ሳሠለጥን ተማሪዎቹ አፋቸውን ይዘው ይስቃሉ። ፊቴ ይግላል፤ ግን አላወለቅሁትም።

ለግጥሚያ ሳጉሬ ከተማ ሄደን ሁለት ለባዶ ተሸነፍን። ሜዳው ዳር የቆሙ አንድ ሽማግሌ አዩኝና በኦሮምኛ፣ "ይሄ የኳስ ዳኛ ነው ወይስ የፍርድ ቤት?" ብለው ጠየቁ። ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። እኔ አንገቴን ደፋሁ።

ቤት ስገባ አባቴ ስለ ጨዋታው አልጠየቁኝም። ጭቃ የጠጣውን ሱሪ ተቀብለውኝ ደጃፍ ላይ በብሩሽ ይፈትጉ ጀመር።

"ይተዉት፣ እኔ አጸዳዋለሁ" ብላቸው፣

"አንተ እግርህን አሳርፍ" አሉኝ።

ቡድኑ ዘለቀ፤ ከዲክሲስና ከጮሌ ወረዳዎችም ልጆች ይመጡልን ጀመር። አባቴ ግን እስኪሞቱ ድረስ ሜዳው አጠገብ አልደረሱም። እኔም ይምጡልኝ ብዬ ለመጠየቅ አፍሬ ቀረሁ።