ጅራተ መንታ

ሥራ የጀመርሁ ቀን ኃላፊዬ ሚዛን፣ ማስመሪያና አንድ ጥራዝ ቅጽ አስታቅፎ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ወዳለው የአሣ መረከቢያ ላከኝ። አሣ የማውቀው ተጠብሶ ነበር። ቅጹ ላይ «የጅራት ቅርጽ» የሚል ዓምድ አየሁና ግራ ገባኝ።

ያዳኑኝ አያ ሙሄ የሚባሉ ሽማግሌ አሣ አጥማጅ ናቸው። ሦስት አሣ ጣውላ ላይ ደረደሩልኝ።

«ልጄ፣ ጅራቱን እዪ። ቀረሶው ጫፉ ቀጥ ያለ ነው። አምባዛው ክብ። ይኸ ነጭ አሣ ግን እንደ ሹካ ተከፍሏል፤ ጅራተ መንታ እንለዋለን።»

እንደነገሩኝ ጻፍሁ። ነጭ አሣ በክረምት እንቁላሉን ሊጥል ወደ ወንዞች ይወጣል፤ ያን ጊዜ እሱን ማጥመድ ክልክል ነው። ነሐሴ ላይ «ጅራተ መንታ» ብዬ ከጻፍሁ ጭነቱ ይታገዳል። ወንዝ አፍ ላይ መረብ የሚያስዘረጉ ነጋዴዎች ያችን ቃል እንደ ጦር ይፈሯት ነበር።

በአንዱ ነሐሴ አንድ ነጋዴ ራሱም ጅራቱም የተቆረጠ፣ ቆዳው የተገፈፈ አሣ በሣጥን ሞልቶ መጣ።

«ጅራቱስ?» አልሁት።

«እንዳይበላሽ ብለን ነው፣ እህቴ። ቀረሶ ነው።»

ከመቼ ወዲህ ነው አሣ ከጅራቱ የሚበላሸው! ደሜ ፈላ። ሥጋውን በጣቴ ስጫነው ቀጫጭን እሾህ ወጋኝ። እንዲህ እሾኻም የሆነው ነጭ አሣ ነው። አልፈርምም አልሁ።

ነጋዴው ስልክ መታ። ኃላፊዬ ወዲያው በባጃጅ ደረሰ።

«ጅራቱን በዓይንሽ አይተሻል?»

«አላየሁም። እሾሁ ግን...»

«ቅጹ ላይ የእሾህ ዓምድ አለ? ቀረሶ ብለሽ ፈርሚ። አንቺ እምቢ ብትዪ ነገ ሌላ ሰው ይፈርማል።»

ፈረምሁ። እስካሁን እበግናለሁ፤ በኃላፊዬ ከምበግነው ይልቅ በራሴ።

በሳምንቱ ነጋዴው ሁሉ ጅራት እየቆረጠ መጣ። ክረምቱን ሙሉ የገባው ሣጥን በእኔ እጅ ቀረሶ ተባለ፤ ከዚያ በኋላ የመጡት ክረምቶችም እንደዚያው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ አያ ሙሄ ባዶ መረባቸውን ተሸክመው መጡ።

«ነጭ አሣ ጠፋብን። ቢሮ ሄደን ብንጮህ፣ በክረምት አንድም አልተያዘም፣ መዝገቡ ይመስክር አሉን። መዝገቡን የምትጽፊው አንቺ አይደለሽም?»

«እኔ ነኝ» አልኋቸው።

መረባቸውን እንደተሸከሙ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታዬን ተቀብለውኝ አያውቁም።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። በቦታዬ ለተተካችሁ የምለው ይኼ ነው፦ ጅራቱ ተቆርጦ የመጣ አሣ አትመዝግቡ። ማንም ቢደውል ጭነቱን መልሱት።