ለስብሰባ የጣልኩት ድንኳን

ሴት ልጄን በጦርነቱ ጊዜ በተፈናቀልንበት ቀብሬ ወደ ሐይቅ ከተማ ስመለስ፣ ለቅሶ ሳልቀመጥ ሥራዬን ቀጠልኩ። ሥራዬ ገበሬና ነጋዴን የሚያገናኝ የስልክ መተግበሪያ መምራት ነው።

በቀደም ከደሴና ከውጫሌ እንደኔ መተግበሪያ የሚመሩ አምስት ፕሮዳክት ማናጀሮችን ልምድ እንድንለዋወጥ ጠራሁና፣ ከእድር ድንኳን ተውሼ ግቢዬ ውስጥ ጣልኩ።

“ደንበኛ የሚፈልገውን ሳይነግረን እንዴት እንወቅ?” ብዬ ውይይቱን ስከፍት፣ ጎረቤቱ፣ ክርስቲያን እስላሙ፣ እያለቀሰ ገባ። እንግዶቼ ግራ ተጋብተው ተነሡ።

“እትዬ ዘሐራ፣ ተሳስታችኋል፤ ይኼ እኮ የሥራ ስብሰባ ነው” አልኳቸው ከፊት ለነበሩት ጎረቤቴ።

“አብሽር ልጄ፣ ስብሰባ መሆኑን ሰምተናል” አሉና አጠገቤ ተቀመጡ። “እኛ ድንኳን የምትጥልበትን ቀን ነበር የምንጠብቀው።”