ቀኑ የተቀየረበት ወረቀት

ደባርቅ ገና ወጣት አስተማሪ በነበርኩበት ዘመን የስካውት ልጆቻችንን ወሬ በየወሩ በአንዲት ገጽ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ማንም አልሾመኝም፤ ጽሕፈቱ ያምራል ተብሎ ተጣለብኝ። ልጆቹ መቼ ችግኝ እንደሚተክሉ፣ የዳባት ልጆች መቼ እንደሚጎበኙን፣ ከበላያችን ባለው የተራራ ፓርክ ወደ ጨነቅ ለሚደረገው ጉዞ ወላጅ ምን ስንቅ እንደሚያዘጋጅ፣ የዛሪማው አስተባባሪ ለስብሰባ በስንት ሰዓት እንደሚደርስ፣ ሁሉም እዚያች ገጽ ላይ ነበር። በስቴንስል እናባዛና አንዱን በትምህርት ቤቱ በር፣ አንዱን በቤተ ክርስቲያኑ አጥር፣ አንዱን በወፍጮ ቤቱ ግድግዳ እንለጥፋለን። ለዳባትና ለዛሪማ በአውቶቡስ ረዳት እጅ እንልካለን።

በመጀመሪያው ሰሞን ወላጆች ልጆቹ ጠመንጃ ይታጠቃሉ ወይ እያሉ ያስጨንቁን ነበር፤ በእኛ አገር ስካውት ማለት ፓርኩ ውስጥ ከቱሪስት ጋር የሚሄድ ባለ መሣሪያ ነዋ! የእኛዎቹ የሚታጠቁት የአንገት ሻርፕ ብቻ መሆኑን ለማስረዳት ሦስት ወረቀት ፈጅቻለሁ።

ታዲያ አብዛኛው የገጠር ወላጅ ፊደል አልቆጠረም። ስለዚህ ቅዳሜ ገበያው ሞቅ ሲል አንዱ ስካውት ድንጋይ ላይ ወጥቶ ጮክ ብሎ ያነባል፤ የሰማው ገበያተኛ ወደየመንደሩ ይዞት ይወጣል። ወረቀቱ እስከ ገበያው ነው። ከዚያ በላይ ያለውን ዳገት ወሬው የሚወጣው በሰው አፍ ነው። ይህን ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም፤ ራሴን እስከ ዛሬ ይቅር ያላልኩትም ለዚሁ ነው።

ከልጆቹ መካከል ከጊች የመጣች አንዲት ልጅ ነበረች። ጊች ፓርኩ ውስጥ ያለ የደጋ መንደር ነው፤ ከደባርቅ የአንድ ቀን መንገድ ይርቃል። ከተማ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ እናቷ በገበያተኛ እጅ በምትልክላት ስንቅ ስምንተኛ ክፍል ትማር ነበር። ዝምተኛ ናት፤ ባንዲራ ለመስቀል ግን ቀዳሚ ናት። በዚያ ዓመት አባቷ ትምህርቱ ይብቃት፣ ባል መጥቶላታል ብሎ ቆርጦ ነበር። እናትየው ለምና ለምና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው፤ ልጃችን የስካውት ቃል የምትገባበትን ቀን ሄደህ በዓይንህ እይ፣ ከዚያ በኋላ የወደድከውን አድርግ አለችው። እሱም እሺ አለ። ይህን የነገረችኝ ልጅቷ ራሷ ናት። ባንዲራውን እሷ እንደምትሰቅል ወረቀቱ ላይ እንድጽፍላት ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ለመነችኝ። ጻፍኩላት። ባንዲራውን የምትሰቅለው የጊች ልጅ ናት የሚለው ገበያ ላይ ሲነበብ አባትየው ቆሞ ሁለት ጊዜ አስነበበው አሉ።

ቀኑን ሚያዝያ ጊዮርጊስ ያደረግነው ሆን ብለን ነው። ገበሬ በሥራ ቀን ሞፈሩን ጥሎ አይመጣም፤ በዓል ሲሆን ነው ነጭ ለብሶ የሚወርደው።

ሳምንት ሲቀረው ከበላይ ቢሮ መልእክት መጣ። የጋበዝናቸው የክብር እንግዳ በበዓል ቀን ቤተሰባቸውን ትተው አይመጡም፤ ዝግጅቱ ከበዓሉ በፊት ባለው ረቡዕ ቢሆን ግን ደስ ይላቸዋል። እምቢ ማለት እንችል ነበር፣ አላልንም። እኔ ደግሞ፣ ምን ያስዋሸኛል፣ ትልቅ ሰው መድረካችን ላይ መቀመጡ አስጎምጅቶኝ ነበር።

ዓርብ ዕለት አዲሱን ወረቀት ጻፍኩ። የቀን ለውጡን ከላይ በደማቁ አሰፈርኩት። ልጨርስ ስል አንድ የፓርኩ ሠራተኛ በሬድዮ መገናኛቸው የሰሙትን ነገረኝ፤ ጊች ላይ አንድ የተከበሩ አዛውንት ዐርፈዋል። ከግርጌው ባዶ ቦታ ስለነበረኝ ለጊች ቤተሰቦቻችን እግዚአብሔር ያጽናችሁ ብዬ ጨመርኩበት። አሳቢነቴ ለራሴ ደስ አለኝ እንኳ።

ሰው ሲሞት ጊች ገበያ አይወርድም። ጊች ብቻ አይደለም፣ ደጋው ሁሉ እንዲያ ነው፤ መንደሩ ለቅሶ ተቀምጦ ገብስ ሊሸጥ የሚወርድ ነውረኛ የለም። ይህን ለእኔ የሚነግረኝ አያስፈልግም፣ ዳባት ገጠር ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። ሁለቱን ወሬ በአንድ እጅ በአንድ ገጽ ላይ ጽፌ፣ የታችኛው የላይኛውን መንገድ እንደሚዘጋው አልታየኝም። ሞቱን ባመጣው በዚያው ሬድዮ የቀኑን ለውጥ መልሼ ልኬ ቢሆን ኖሮ ከመቅጽበት ይደርስ ነበር። አላሰብኩትም፣ በቃ።

ሰኞ ልጅቷ መጣች። ቅዳሜ ስንቋ እንዳልደረሰ፣ ገበያው ላይ የጊች ሰው አንድም እንዳላየች ነገረችኝና አባቷ ለውጡን ሰምቶ ይሆን ብላ ጠየቀችኝ። የእንግዳውን የመቀመጫ ተራ እያስተካከልኩ ነበር። ቀና ሳልል፣ ወሬ ክንፍ አለው፣ ይደርሳል፣ አይዞሽ አልኳት። እሺ ብላ ሄደች።

ረቡዕ ዝግጅቱ ደመቀ። የክብር እንግዳው የነገ አገር ተረካቢዎች እያሉ ፀሐይ አናታችን ላይ እስክትወጣ ተናገሩ፤ የከተማው ወላጅ አጨበጨበ። ልጅቷ ባንዲራውን ሰቀለች። ገመዱን ስትስብ ዓይኗ ወደ ተራራው መንገድ ነበር፤ ባንዲራው ጫፍ ደርሶ እንኳ መሳቧን አልተወችም። አንዱ መምህር ነው ሄዶ እጇን የያዛት።

ዓርብ፣ የጊዮርጊስ ዕለት፣ ከቅዳሴ ስመለስ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ መንገድ ላይ ጠበቀኝ። እንግዶች አሉ፣ ይምጡ አለኝ። ተከትዬው ሄድኩ። ከባንዲራው እንጨት ሥር አባትና እናት ተቀምጠዋል። በቅሏቸው አጥሩ ላይ ታስራለች። አባትየው የታጠበ ጋቢ ደርቧል። እናትየው ለልጆቹ ሁሉ እንዲበቃ አድርጋ የደፋችውን ድፎ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላ ጉልበቷ ላይ ይዛለች። ልጅቷ ዩኒፎርሟን ደግማ ለብሳ፣ ሻርፗን አስራ፣ አጠገባቸው ቆማለች።

እግራቸው ላይ መውደቅ ነበር የቀረኝ። ቀኑ መቀየሩን፣ ወረቀት መጻፌን ተናገርኩ። አሁኑኑ እንደገና ትስቀል አልኩ፤ ባንዲራው ለካ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ተቆልፎበታል፣ ርእሰ መምህሩ ደግሞ ለበዓል ዳባት ሄዷል። እስከ ነገ ቆዩልኝ፣ ነገ ልጁን ሁሉ እሰበስባለሁ ብዬ ለመንኩ። አባትየው እስክጨርስ ሰማኝ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

"መምህር፣ እኔ ለቅሶ ትቼ፣ ዘመድ አስቀይሜ ነው የወረድሁ" አለኝ። "እናንተ ደግሞ እኛ እያለን እንደሌለን ቆጥራችሁ ጨረሳችሁ። እንግዲህ ምኑን ልይ?"

ልጅቷ አላለቀሰችም። ሻርፗን ፈታች፣ በአራት አጠፈችውና በሁለት እጇ ሰጠችኝ። እናትየው ዳቦውን ለልጆቹ ስጥልኝ ብላ ለዘበኛው አስረከበች። በቅሎዋን ፈትተው ሦስቱም ሄዱ።

በሚቀጥለው ወረቀት ስለ ዝግጅቱ መድመቅ ጻፍኩ፣ እንግዳውንም አመሰገንኩ። ስለ እሷ አንድ መስመር አልጻፍኩም፤ ፈሪ ነበርኩ። ግንቦት ሳያልቅ መዳሯን ከበቅሎ ጫኞች ሰማሁ። ከዚያ ወዲያ ማንኛውንም የፕሮግራም ለውጥ ወደ ጊች በሬድዮ አስነግር ጀመር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉሃል ይህ ነው፤ ከጊች ሌላ ልጅ አልተላከልንም።

ዓመታት አለፉ። የጊች ሰው ከፓርኩ ተነሥቶ ደባርቅ ሰፈረ። እኔም ሸበትኩ፤ ስቴንስሉ በኮምፒውተር ተተካ እንጂ ወረቀቱን የምጽፈው አሁንም እኔው ነኝ። አንድ ጠዋት ልጆች ቃል የሚገቡበትን ቀን ስለጥፍ አንዲት ሴት ከጀርባዬ ቆማ ታነባለች። አሥር ዓመት የሚሆናትን ልጇን እጇን ይዛታለች። አወቅኋት። እስከ መጨረሻው መስመር አነበበችና ልጇም ከሚምሉት አንዷ መሆኗን ነገረችኝ።

"ቀኑ ይቀየር ይሆን፣ መምህር?" አለችኝ።

"አይቀየርም" አልኳት።

"ከተቀየረ ይንገሩኝ። ቤቴ አሁን ቅርብ ነው።"

ለዝግጅቱ ዘጠኝ ቀን ቀርቶት ነበር። ዘጠኙንም ቀን ማለዳ እየተነሣሁ ሰፈራው ድረስ ሄጄ፣ በሯን አንኳኩቼ፣ ቀኑ እንዳልተቀየረ ነገርኳት። በሩን ገርበብ አድርጋ ትሰማኛለች፣ እግዜር ይስጥልኝ ትለኛለች። በዘጠኙ ቀን አንድ ጊዜ እንኳ ይግቡ አላለችኝም።